አረጋሽ ቆማ የቀረችበት ሸክላ

አረጋሽ ሃይማኖቷን ቀየረች ተባለ።

ወሬውን ያመጣችው ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ ቅመምና ነጠላ የምትሸጠው አልታየሽ ናት። አልታየሽ ዘመድ ልትጠይቅ በአውቶቡስ ፎቅ ላይ ተቀምጣ በካሌዶኒያን ሮድ ስታልፍ፣ ቀይ መብራት ያዘና አውቶቡሱ ከአንድ የፈረንጆች ቸርች አዳራሽ መስኮት ትይዩ ቆመ። መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ያየችው ነገር ለአንድ ወር ወሬ በቅቷታል።

«በዓይኔ በብረቱ አየኋት» አለች ለመጀመሪያዋ ደንበኛ በርበሬ እየሰፈረች። «ከፈረንጆቹ መሃል ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና ትወዛወዛለች። አንዲት ፀጉሯ የነጣ ሴትዮ ከፊት ቆማ እጇን ታወናጭፋለች፤ እነሱ ደግሞ ወለሉን በእግራቸው ይደበድቡታል። ምን ልበልሽ፣ ወርዶባቸዋል።»

«ምኑ ነው የወረደባቸው?»

«መንፈሱ ነዋ። የማን መንፈስ እንደሆነ እኔ በምን አውቄ።»

ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ያነሳችው ነገር የለም። ወይ አላየችም፣ ወይ አይታ ለወሬው ስለማይጠቅም ትታዋለች። ወሬው ከገበያው ተነስቶ ዋይት ሲቲ ሲደርስ አረጋሽ በመዋኛ ገንዳ ተጠምቃ ነበር። ከዋይት ሲቲ ተመልሶ ሼፈርድስ ቡሽ ሲገባ ደግሞ የእናቷን የወርቅ መስቀል ለፈረንጆቹ ፓስተር አስረክባለች። መስቀሉ አንገቷ ላይ ነው፤ ግን ወሬ ያየ ሰው አንገት አያይም። እሁድ እሁድ ነጠላዋን ተከናንባ ቤተ ክርስቲያን መምጣቷ እንኳን አላዳናትም። «ለማስመሰል ነው» አሉ። እንዲያውም ቀድማ መድረሷ ዋና ማስረጃ ሆነባት። «ምን አስቸኮላት?»

እውነቱ ሌላ ነው። አረጋሽ ካሌዶኒያን ሮድ የምትሄደው ትሮምቦን ልትነፋ ነበር።

ታዲያ ይህን ተናግራ ለምን አትገላገልም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው፤ የሚወሳሰበውም በታላቅ ወንድሟ በጋሽ አብርሃ ነው።

አባታቸው በጊዜ ስላረፉ አረጋሽን አስመራ ላይ ያሳደጓት ወንድሟ ናቸው። ጋሽ አብርሃ የቴሌፎን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ቤት ውስጥ የሚነገረው ትግርኛ ነው፤ ነገር ሲከርር ግን ጋሽ አብርሃ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። የመሥሪያ ቤት ቋንቋቸው ስለሆነ ቁጣውን ማኅተም ያስመታላቸዋል። አረጋሽን ከካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤት ያስገቧትም ራሳቸው ናቸው፤ «ሥነ ሥርዓት ትማራለች» ብለው። መነኮሳቱ ግን ከሥነ ሥርዓቱ ጋር ለማርያም በዓል የሚሰለፍ የሴቶች ማርሽ ባንድ ነበራቸው። አንዲት ጣሊያናዊት መነኩሴ ልጆቹን በተራ አስቁማ ክንዳቸውን ለካች። የትሮምቦኑን ተሳቢ ቱቦ እስከ ጫፍ ገፍቶ የሚመልስ ክንድ የተገኘው አረጋሽ ዘንድ ብቻ ነበር። ያን ጊዜም ቁመቷ ከበር ጋር ሊከራከር ምንም አልቀረውም።

ሁለት በዓል ነፋች። በሦስተኛው ሰልፉ በቴሌፎን መሥሪያ ቤት ደጃፍ አለፈ። ጋሽ አብርሃ ከባልደረቦቻቸው ጋር በረንዳ ላይ ቆመው እህታቸውን አዩ፤ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ዓይኗ ፈጥጦ፣ ክንዷ ሰው ሊመታ እንደተዘረጋ። ማታ በአማርኛ «ከዛሬ ጀምሮ ይብቃሽ» አሏት። ትሮምቦኑን በማግስቱ መለሰች። ክርክር የለ፣ ለቅሶ የለ። ታላቅ ወንድም ይብቃሽ ካለ በቃ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የብዙ ሰው ታሪክ ነው፤ ሱዳን፣ ካርቱም፣ ለንደን። ጋሽ አብርሃ ዋይት ሲቲ ካውንስል የሚያከራየውን ቤት አገኙ፣ አረጋሽ ሼፈርድስ ቡሽ። ሆቴል አልጋ አነጠፈች፣ መንጃ ፈቃድ አወጣች፣ ከዚያም ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አውቶቡስ ነዳች። በሥራዋ የሚወራባት ነውር አንድ ብቻ ናት። አንድ ሐበሻ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፉ ሲሳፈሩ አረጋሽ ከሾፌር ወንበሯ ብድግ ትላለች። የሚያስቀምጣት የወንበሩ ቀበቶ ነው። ከወገቧ ጎተት አድርጎ ይመልሳታል፤ ሽማግሌውም «በእግዜር ልጄ፣ አንቺ መሪውን ያዢ» ይላሉ። በእናቷ ቁንጥጫ የገባ ነገር ነው፤ ትልቅ ሰው ሲገባ እግሯ ከሐሳቧ ይቀድማል።

ጡረታ በወጣች ዓመት አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ አንድ ቻሪቲ ሾፕ መስኮት ውስጥ ትሮምቦን አየች። ገዛችው። ቤቷ ወስዳ ፎጣ ወትፋበት ነፋች፤ ጎረቤቷ ቧንቧ የፈነዳ መስሎት ካውንስል ደወለ። ያኔ ነው መንፊያ ቦታ የፈለገችው፣ ዶሪንንም ያገኘችው።

ዶሪን ፀጉሯ የነጣው ሴትዮ ናት፤ አልታየሽ ፓስተር ያደረገቻት። ክላርኔት ትነፋለች፣ ለልምምድ የቸርቹን አዳራሽ የሚከራይ ባንድም ትመራለች። ወላጆቿ በወጣትነታቸው የጨፈሩበትን የስዊንግ ሙዚቃ፣ ባንዱ እንደ ጥንቱ በሙሉ ኦርኬስትራ ይጫወታል፤ ሳክስፎን ከፊት፣ ትሮምቦን ከመሃል፣ ትራምፔት ከኋላ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። ዶሪን አንድ የማይለወጥ ሕግ አላት፤ የተቀመጠ ያጅባል፣ የተነሳ ይሰማል። ሶሎ ያለው ሰው ተራው ሲደርስ ከወንበሩ ይነሳል፣ ሌላው ድምፁን ዝቅ ያደርግለታል፣ ሲጨርስ ይቀመጣል። ማንም ያለ ተራው አይነሳም።

አረጋሽን ይህ ሕግ አስቸግሯት አያውቅም። ሦስተኛ ትሮምቦን ነችና። ሦስተኛ ትሮምቦን እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ሲኖር ስሙን የሚያነሳው የለም፣ ሲጎድል ብቻ ይታወቃል። ሶሎው የጄፍሪ ነው። ጄፍሪ ከጎኗ የሚቀመጥ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ በር ላይ ከድመት ጋር ቢገናኝ እንኳን «ቅደሚ» የሚል ሰው። አረጋሽ በቦታዋ ረክታ ስንት ዓመት ነፋች። ለጋሽ አብርሃ ግን ትንፍሽ አላለችም። ይብቃሽ ተብላለቻ።

ወሬው ጋሽ አብርሃ ጆሮ የገባው በዚህ መሃል ነው። እሳቸውም አልጮኹም፤ አኮረፉ። ስልክ አያነሱም። ከቅዳሴ በኋላ ትከሻቸውን ልትስም ስትጠጋ ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ ያዞራሉ። ከቅዳሴ መልስ እሳቸው ቤት አብሮ ምሳ መብላት ከአስመራ ጀምሮ የቆየ ነገር ነበር፤ እሱም ቀረ። አረጋሽ እሁድ እሁድ ምሳዋን ብቻዋን መብላት ጀመረች። ከወንድም ከእህት የቀሯት እሳቸው ብቻ ናቸው።

የጋሽ አብርሃ ልጅ ሃርነት ነርስ ናት። የአክስቷን ምስጢር የምታውቀው እሷ ብቻ ነች፤ እሷም ብትሆን ትሮምቦኑን አልጋ ሥር ያገኘችው ስሊፐር ስትፈልግ ነው።

«አክስቴ፣ ጀስት ንገሪያቸው» አለቻት አንድ ቀን። «ትሮምቦን ኢዝ ኖት ኤ ክራይም።»

«አንቺ አባትሽን አታውቂያቸውም። እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«ሃይማኖት ቀየረች ከሚሉሽ አይሻልም?»

«እሱን አላደረግሁትማ። ባላደረግሁት ቢቆጡኝ ይቀለኛል። ትሮምቦኑን ግን አድርጌዋለሁ።»

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ሃርነት። ከዚያ ባንዱ ሸክላ የሚቀርጽበትን ቀንና ቦታ ጠየቀቻት። ሃርነት እንዲህ ስትጠይቅ ደግሞ አንድ ነገር እያሰበች ነው።

የባንዱ የቀረጻ ቀን ቅዳሜ ነበር። ስቱዲዮው ከካሌዶኒያን ሮድ ገባ ብሎ፣ ድሮ ጋራዥ የነበረ ቤት ነው። ባለቤቱ ኮሊን ይባላል፤ ኮምፒውተር ከበሩ አያሳልፍም። ሙዚቃ እንደ ጥንቱ ነው የሚቀርጸው፤ ሁሉም በአንድ ክፍል ተቀምጦ፣ መሃል ላይ አንድ ማይክራፎን ተተክሎ። በመስታወት ከተከለለው የራሱ ክፍል ውስጥ ጥቁር ለስላሳ ሸክላ ይሽከረከራል፤ ባንዱ ሲጫወት መርፌው እዚያው በዚያው ይቀርጸዋል። ማቆም የለም፣ ማረም የለም፣ ቆርጦ መቀጠል የለም። አንድ ሰው ከተሳሳተ ሸክላው ከነስህተቱ ለዘላለም ይኖራል። ያን ቀን የነበሩት ባዶ ሸክላዎች ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው።

«ማስነጠስ የፈለገ አሁን ያስነጥስ» አለች ዶሪን። «መርፌው ከወረደ በኋላ ጉሮሮ መጥረግ እንኳን ክልክል ነው።»

አንድ ሳክስፎን ነፊ ለጥንቃቄ ሲል አስነጠሰ።

«ጄፍሪ፣ ከመካከለኛው ክፍል በኋላ ያንተ ነው። ትነሳለህ፣ ትነፋለህ፣ ትቀመጣለህ። ሌላ የሚነሳ የለም።»

ቀይዋ አምፖል በራች። ዶሪን በጣቷ ቆጠረች፤ ኦርኬስትራውም ተነሳ። ትልቁ ባለ ክር ኮንትሮባስ ዘና ብሎ እንደሚራመድ ሰው ይሄዳል፣ ድራሙ ከኋላ ከኋላ ይጠርግለታል፣ ሳክስፎኖቹ እንደ ሰርግ ቤት ሴቶች አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ትቀበላለች። አረጋሽ ከመሃል ሆና የራሷን ድርሻ ትነፋለች፤ ሦስት ድምፅ ወደ ታች፣ ዕረፍት፣ ሦስት ድምፅ ወደ ታች። አውቶቡሷን ማታ ጋራዥ ስታስገባ ይሰማት የነበረው ዓይነት ደስታ ይሰማታል።

መካከለኛው ክፍል አለቀ። ጄፍሪ ሊነሳ ጉልበቱን ያዝ አደረገ። በዚህች ቅጽበት የኮሊን ክፍል የውጭ በር ተከፈተ፤ ቀይ አምፖል ያልተደረገበት በር። ሃርነት ገባች። ከኋላዋ ጥቁር ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ ከዘራ።

አረጋሽ ተነሳች።

አስባ አይደለም። ቀበቶ የለ የሚይዛት። ትሮምቦኗን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከንፈሯም «ኖር» አለ፣ ያለ ድምፅ።

ጄፍሪ ግማሽ ተነስቶ ነበር። ከጎኑ ሰው ቆሞ ሲያይ፣ የዕድሜ ልክ ጨዋነቱ ያዘውና ተመልሶ ቁጭ አለ። በዓይኑም «ቅደሚ» አላት። ኦርኬስትራው ትምህርቱን አይረሳም፤ የተነሳ ይሰማል። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ኮንትሮባሱ ብቻውን እየተራመደ ይጠብቃታል። የዶሪን እጅ አየር ላይ ቀረ።

አረጋሽ የምታየው ዶሪንን አልነበረም። ከመስታወቱ ወዲያ ጋሽ አብርሃ ቆመዋል። ያዩት ደግሞ ያንኑ ነው፤ ያችኑ ልጅ፣ ያንኑ ትሮምቦን። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚቀረው። ለተነሳ ሰው «በእግዜር» ይባላል፤ ወይም መዳፍ ዝቅ ይደረጋል፤ ያኔ ይቀመጣል። ጋሽ አብርሃ አላሉም። መዳፋቸው ከዘራው ላይ ነው።

ሸክላው ይሽከረከራል። አረጋሽ ሶሎ አታውቅም። የምታውቀው ሦስተኛ ትሮምቦንን ነው። እንግዲህ ያላትን ነፋች፤ ሦስት ድምፅ ወደ ታች። ክፍሉ ጸጥ ስላለላት ሦስቱ ድምፆች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ወጡ። ደገመቻቸው። በሦስተኛው ላይ ድራም መቺው ፈገግ ብሎ መሃል መሃሉን ሞላላት። በአራተኛው ቱቦውን እስከ ጫፍ ገፍታ፣ ያችን የመጨረሻዋን ድምፅ እያንሸራተተች አወረደቻት፤ ጣሊያናዊቷ መነኩሴ «እንዲህ አይደረግም» እያለች የምትቆጣትን ነገር። ጉንጯ ተነፋ። ዓይኗም ፈጠጠ። ዓይኗን ግን ከመስታወቱ አልነቀለችም።

የሶሎው ተራ አለቀ። ሳክስፎኖቹ ተመለሱ። አረጋሽ አልተቀመጠችም።

ዶሪን መዳፏን ወደ ታች አደረገች። ተቀመጪ። አሁንም አደረገች። ግን አረጋሽ የተነሳችው ለዶሪን አይደለም፤ ዶሪን በምን ሥልጣኗ ታስቀምጣታለች? ጄፍሪ በክርኑ ነካ አደረጋት። ይቅርታ በሚመስል ዓይን አየችውና መንፋቷን ቀጠለች። እንዲህ ሆኖ የሙዚቃውን ሙሉ ግማሽ ቆማ ነፋች፤ ሦስተኛው ትሮምቦን ከትራምፔቱም ከሳክስፎኑም በላይ እየተሰማ።

ሊያልቅ ሲል፣ ሁሉም ባንድነት የመጨረሻውን ድምፅ ሊመታ ሲል፣ ጋሽ አብርሃ ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንስተው መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ዝቅ አደረጉ። ከንፈራቸው «በእግዜር» ሲል በመስታወት ታየ።

የመጨረሻው ድምፅ ተመታ። አረጋሽ ተቀመጠች። ወንበሯ ሲጥ አለ፤ ሸክላው ላይ ከሁሉም በኋላ የቀረው ድምፅ እሱ ነው።

መርፌው ተነሳ። አምፖሏ ስትጠፋ ዶሪን ዞረች።

«አጊ» አለች፤ አረጋሽ የሚለው ስም ከከበዳት ዓመታት አልፈዋል። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ወንድሜ ገቡ።»

«ወንድምሽ ሲገባ ትነሻለሽ?»

«ታዲያ ተቀምጬ ልጠብቃቸው?»

ጄፍሪ «እኔ ሶሎውን የፈለገች መስሎኝ ነበር» አለ። «ብትፈልገው ደግሞ ደስ ባለኝ።»

«በሁለተኛው ሸክላ» አለች ዶሪን በመጨረሻ፣ ሳቋን በግድ ይዛ፣ «የአጊ ወንድም አስቀድመው ይግቡና ይቀመጡ። ሌላ ወንድም ካለም አሁኑኑ ይምጣ።»

እንዲህ ሆኖ ጋሽ አብርሃ ከባንዱ ክፍል ገቡ። ሁሉም የተነሳው የዚያን ጊዜ ነው፤ ጄፍሪ ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ፣ ነገሩ ደስ ብሏቸዋል። ጋሽ አብርሃ በየተራ «በእግዜር፣ በእግዜር» እያሉ አስቀመጧቸው፤ ፈረንጆቹም እንደታዘዙ ቁጭ አሉ። አረጋሽ ወንበር ሰጠቻቸው። ትከሻቸውን ሳመች። ፊታቸውን አላዞሩም።

«አልታየሽ ተጠመቅሽ ያለችሽ በእነዚህ ነው?» አሏት። በትግርኛ ነበር። አረጋሽ የጠበቀችው አማርኛውን ነበር።

«በነዚሁ ነው።»

ጋሽ አብርሃ ዙሪያውን ቃኙ። «ገንዳው የታለ?»

ሃርነት ከኮሊን ክፍል ሆና በመስታወቱ በኩል አየቻቸው። ሁለቱም ይስቃሉ፤ ድምፁ አይሰማም።

ሁለተኛው ሸክላ እንከን አልነበረበትም። ጄፍሪ በተራው ተነሳ፣ ነፋ፣ ተቀመጠ። ለሽያጭ የሚወጣው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ኮሊን በወረቀት ጠቅልሎ ለጋሽ አብርሃ ሰጣቸው። ማጫወቻ የላቸውም፤ ተውሼም ቢሆን አሰማዋለሁ ብለው ተቀበሉ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ እሳቸው ቤት እንደሆነም በመሃል፣ ቀርቶ የማያውቅ ነገር እንደሆነ ሁሉ፣ ተናገሩ። «አልታየሽንም እጠራታለሁ» አሉ። «መጥታ ትስማ። ያልሰማችውን ከምታወራ የሰማችውን ታውራ።»

ወደ ቤት የወሰደቻቸው ሃርነት ነች። ጋሽ አብርሃ ከፊት ተቀምጠው ሸክላውን ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን ይዘውታል። አረጋሽ ከኋላ፣ ትሮምቦኗ ከጎኗ፣ ቀበቶ ታስሮለት። ሼፈርድስ ቡሽ አደባባይ ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው። አውቶቡሶች ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ከአንዱ ፎቅ ላይ የማን ዓይን እንደሚያያቸው አይታወቅም።

አረጋሽ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አንገቷን አስገባች።

«ጋሼ፣ እጅዎን ለማንሳት ያን ያህል የቆዩት ሙዚቃውን ወደውት ነው፣ ወይስ ኩርፊያው አልወጣልዎ ብሎ?»

ሃርነት መብራቱን አየች። ጋሽ አብርሃ የሸክላውን መጠቅለያ ጫፍ አስተካከሉ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።